በርሚሉ ያደረበት ክፍል

ሀይደር የእናቱን ስም ሲቀይር እህቱ ሀፊዛ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና ሰማችው። የልጁን የኑራን እጅ ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች ምንጣፉ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ በወዲህ በኩል ሻይ ይቀዳሉ። የሙሽራው የመንሱር አጎት ሀጂ አብዱልከሪም፣ የልጅቷን ዘር በየተራ ሲጠይቁ ቆይተው፣ "እናትህስ ማን ይባላሉ?" አሉ። ሀይደር ጉሮሮውን እንኳ ሳይጠርግ "ዘይነብ። የገርባ ሰው ናት፣ የሼህ ልጅ" ብሎ መለሰ። ሀፊዛ የጀመረችውን ብርጭቆ ሞልታ ወደሚቀጥለው አለፈች። እናታቸው ውቤ ነበር ስሟ። ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ገበያ ላይ ሰላሳ ዓመት ጠላ ሸጣ ሁለት ልጅ ያሳደገች፣ ሙስሊም አግብታ ሃይማኖቷን ሳትቀይር ኖራ ማተቧን እንዳሰረች የተቀበረች ሴት ነች። ገርባን በአውቶቡስ መስኮት እንኳ አይታ እንደሆነ ሀፊዛ እርግጠኛ አይደለችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀፊዛ ለወንድሟ አንድ ቃል አልተናገረችም። ዛሬ ስምንተኛ ቀኗ ነው። ሌላ ሰው ልብ አላለም፤ ድሮም ብዙ የማትናገር ሴት ስለሆነች የዝምታዋ መጨመር አልታወቀም። ያወቀው ሀይደር ብቻ ነው፤ እሱም ምክንያቱን አልጠየቀም። የመጋረጃው ጨርቅ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ያውቃል፤ ራሱ ነው የገዛው።

ቀኑ ጁምዓ ነበር፤ ኒካሁ የሚታሰረው ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። የሳዑዲ ከተማ በሆነችው ሳብያ ሀፊዛ የምትሠራበት ቤት ማዳም ከቁርስ በኋላ ለቀቀቻት፤ ሦስት ሰዓት ላይ የወንድሟን ደረጃ ወጣች። ጾመኛ ነች። ከረመዳን የቀራትን ቀዷ እየጾመች ነው፤ ለሠርግ ቀን ማስተላለፍ ትችል ነበር፣ ግን በወንድሟ ቤት እህል ላለመቅመስ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አላገኘችም። ቤቱ ከብየዳ ወርሻዎቹ ጀርባ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ላይኛው ነው። ሁለት ክፍልና መስኮት የሌለው ኩሽና አለው። ታች የሚኖረው ባለቤቱ ነው፤ አፍንጫው ስል የሆነ ሽማግሌ ሳዑዲ። አንዴ ሀይደር ቋንጣ ሰቅሎ ሳለ ደረጃውን ግማሽ ድረስ ወጥቶ "ማን ሞተ?" ብሎ ጠይቋል። ከሁለቱ ክፍሎች መኪፍ፣ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ያለው አንደኛው ብቻ ነው፤ እሱ የኑራ ነው። የኑራ እናት ከሞተች ወዲህ ሀይደር በማቀዝቀዣ ጉዳይ ከልጁ ጋር ተከራክሮ አያውቅም፤ በጂዛን ሐምሌ በውስጥ ልብስ፣ በሩን ከፍቶ ይተኛል።

ኩሽናው ጥግ ሰማያዊው በርሚል በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ቆሟል፤ ሀፊዛ ትላንት መግሪብ ላይ እንደተወችው። ገብሱን ራሷ ነች ጥቁር እስኪመስል የቆላችው፣ አፍልታ ያጠለለችው፣ ስኳሩን በጥብጣ፣ ከእጅ ሙቀት በታች ሲሆን እርሾውን የጨመረችው። ቀሪቦ ነው። ቀሪቦ የወሎ ሙስሊም ለሠርግና ለመውሊድ የሚያቀርበው መጠጥ ነው፤ አያሰክርም። የማያሰክረው ግን በሰዓቱ ከተገለበጠ ብቻ ነው። ከበርሚሉ ወደ ጄሪካን ተገልብጦ፣ አተላው ከስር ቀርቶ፣ በረዶ ላይ ካልተቀመጠ፣ እርሾው ስኳሩን መብላቱን ይቀጥላል፤ በልቶ ሲጨርስ ያለው ነገር ሌላ ስም አለው። በአገር ቤት ብርድ በሁለቱ መካከል አንድ ሌሊት ሙሉ አለ። በሳብያ ሙቀት ሁለት ሰዓት አይሞላም። ሳብያ፣ ዳማድና ደርብ ውስጥ ላሉ የአገር ልጆች ሠርግ አስራ አንድ ዓመት ቀሪቦ ስትሠራ፣ ከሀፊዛ እጅ አንድም በርሚል ወዲያ ማዶ ተሻግሮ አያውቅም። እዚህ አገር ወዲያ ማዶ የተሻገረ በርሚል፣ ባለቤቱን ወደ ተርሂል እስር ቤት፣ ከተርሂል ወደ አገር ቤት አውሮፕላን ያሻግራል።

የምታውቀው በጆሮዋ ነው። ውቤ ለጠላዋ ሕግ ነበራት፦ "ሲጮህ ተይው፣ ሲያንሾካሽክ አድምጪው፣ ዝም ሲል ገልብጪው።" ሀፊዛ ሕጉን ወስዳ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አመጣችው፤ ቀሪቦ የሚገለበጠው ጩኸቱ አልፎ ሲያንሾካሽክ ነው። ዝም እስኪል የጠበቀ ሰው ጠላ ጠምቋል።

ጆንያውን ፈትታ ጆሮዋን በርሚሉ ላይ አሳረፈች። ያንሾካሽካል። በቆርቆሮ ላይ ሊያባራ የቀረበ ካፊያ ይመስላል። ልክ ሰዓቱ ነው። ክዳኑን ስትከፍት ግን ዓይኗ አንድ ነገር ላይ አረፈ፤ አረፋው ወጥቶ የተመለሰበት ምልክት፣ በርሚሉ ግድግዳ ላይ የሚቀረው ቡናማ ቀለበት፣ ሁልጊዜ ከሚሆንበት አንድ ስንዝር ዝቅ ብሏል። ያልጮኸ በርሚል ይመስላል። እርሾው የቱርክ ነው፣ አዲስ ዓይነት ነው ብላ አሰበች። የሚመጣ ሹክሹክታና የሚሄድ ሹክሹክታ በጆሮ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ቅምሻ ነው፣ እሷ ደግሞ ጾመኛ ነች። ሌሊቱን እንዴት አደረ ብሎ መጠየቅም ይቻል ነበር። ለመጠየቅ ግን መናገር ያስፈልጋል።

ሀይደር የኩሽናው በር ላይ ቆሟል። ጢሙን ተስተካክሏል፤ ወገቡን በአንድ እጁ ይዟል።

"ደህና አደርሽ እትዬ?"

ራሷን ነቅንቃ መለሰችለት።

"ደህና ነው... እሱስ?" አለና በርሚሉን በአገጩ አመለከተ።

ሀፊዛ ሻሹን በጄሪካኑ አፍ ላይ ወጠረች። ሀይደር አፉን ከፈተ፤ በርሚሉን አየ፣ እህቱን አየ፣ ከዚያ ጫማውን አየ። "እንግዲህ ፒካፑን ላምጣ" ብሎ ወረደ። ፒካፑ ሀይደር የሚበይድበት ወርሻ ንብረት ነው፤ አሠሪው ለሠርግ ብሎ ከነነዳጁ ሰጥቶታል፣ የኋላው ጎን ላይ የብየዳ ቤቱ ስም በአረንጓዴ ተጽፎበታል። እሷ ቀስ እያለች፣ አተላውን ሳታናውጥ፣ በጣሳ እየቀዳች ሦስት የሃያ ሃያ ሊትር ጄሪካን ሞላች። እንደ ወጉ በእያንዳንዱ ላይ የማጣፈጫውን ስኳር ጨመረች። በክንዷ ኃይል ከደነቻቸው። እጇ ጄሪካኑን ሲነካ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ ተሰማት፤ እርጥብ ጆንያው በደንብ ሠርቷል ብላ ለራሷ ደስ አላት። የቀረውን አተላ በርሚሉ ውስጥ ትታ ጆንያውን መልሳ ጫነችበት።

እስቲራሃው ከሳብያ ወደ ዳማድ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከማንጎ እርሻዎቹ አጠገብ ነው። ለሠርግና ለድግስ የሚከራይ ግቢ ነው፤ ለወንድ አንድ አዳራሽ፣ ለሴት አንድ አዳራሽ፣ በመካከል ኩሽና። ለአንድ ቀን ሰባት መቶ ሪያል። ወንድምና እህት ጋቢናው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ። በመካከላቸው የሙሽራዋ ልብስ በላስቲክ ተሸፍኖ ስለተጋደመ፣ ዝም ማለታቸው ለልብሱ የተጠነቀቁ አስመሰላቸው። መንገድ ላይ የጁምዓ አዛን አለ። ሀይደር ፒካፑን መስጊዱ ፊት ለፊት አቆመ፤ ጥላ ያለበት ቦታ ሁሉ ተይዟል። ለእህቱ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ መኪፉን ወደ እሷ አዙሮ ወረደ። ጄሪካኖቹ ከኋላ፣ በብርድ ልብስ ተሸፍነው፣ ከብረቱ ላይ ናቸው። ኹጥባው፣ የኢማሙ ስብከት፣ ረጅም ነበር። ከሶላት በኋላ ነዳጅ ማደያው በረዶ ፍለጋ ሄዱ፤ ሱቁ ለሶላት ተዘግቶ እስኪከፈት ጠበቁ፣ ሲከፈት ደግሞ ከነሱ በፊት የነበረው ሰው ለዓሣ በረዶውን ጠራርጎ ወስዶ ሁለት ከረጢት ብቻ ተርፏል። ሀይደር አስር ነበር ያሰበው። ሁለቱን ይዞ ተመለሰና "ሁለት ነው ያለው" አለ፤ ለመሪው ይሁን ለእህቱ አልታወቀም።

ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ ከኋላ "ደብ!" አለ። ሁለቱም በመስታወት አዩ። "ጎማ አይደለም" አለ ሀይደር። ትንሽ ቆይቶ እንደገና "ደብ!" አለ። የኋላው ብርድ ልብስ ትንሽ ከፍ ብሎ እንደነበር ሀፊዛ አየች፤ ንፋስ ነው አለች በልቧ። ሀይደር መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ላብ ከጆሮው ጀርባ ይወርዳል። "እትዬ" አለ፤ እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ቀረች። መስኮቱ በኩል ማንጎ፣ አጥር፣ ማንጎ፣ ፍየል የያዘ የአገራቸው ሰው አለፈ። "ምንም" አለ ሀይደር።

እስቲራሃው ውስጥ አንዱን ጄሪካን ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ አስገብታ ሁለቱን ከረጢት በረዶ ደፋችበት፤ ሁለቱ ወለል ላይ ቀሩ። ክዳን ለመፍታት ጊዜ አልነበራትም፤ ሩዙ ሊያር ነው፣ ሳህን ጎድሏል፣ ሴቶቹ እልልታቸውን ጀምረዋል። የዐስር ሰዓት ደርሶ ሶላት ተሰገደ። ያን ጊዜ ሙሽራው መንሱር ራሱ፣ ነጭ ቶብ ለብሶ፣ ከኩሽናው በር ብቅ አለ። ማንጎ እርሻ ውስጥ የሚሠራ ረጅም ልጅ ነው፤ ሙሽራ ሆኖ መቀመጥ ሰልችቶታል።

"አክስቴ፣ ሀጂ ጠምቷቸዋል፣ ቀሪቦው ይምጣ ብለዋል።"

"ኒካሁ ታሰረ?"

"አሁን ነው። ቀድመው ጉሮሯቸውን ላርጥቡ ብለው ነው።"

"ሙሽራ ነህ እንዴ ተሸካሚ?"

"እስካሁን ተሸካሚ ነኝ" አለና ከወለሉ ላይ አንዱን ጄሪካን በትከሻው ይዞ ወጣ።

ሀፊዛ ኑራን ለማየት ወደ ሴቶቹ በኩል ገባች። ሙሽራዋ የሂና እጇን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታስነጥሳለች፤ አፍንጫዋ ቀልቷል።

"ምነው? ታመምሽ?"

"ትላንት ከቀሪቦሽ ጋር ነው ያደርኩት አክስቴ" አለች ኑራ። "ኢሻ ላይ መጮህ ሲጀምር አባዬ ጨነቀው። ሽታው ታች ይወርዳል፣ የቤቱ ባለቤት ይሸተዋል፣ ይደውልብናል ብሎ እየጎተተ መኪፍ ክፍል አስገባው። አስራ ስምንት ዲግሪ ላይ! ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ነው ያነጋሁት። ለፈጅር ሲነሳ መልሶ አወጣው። ወገቡ ተቆርጧል። አልነገረሽም እንዴ?"

ሀፊዛ ቀኑን ወደ ኋላ ቆጠረች። ዝቅ ያለው የአረፋ ቀለበት፣ የቀዘቀዘው ጄሪካን፣ ከኋላ የጮኸው "ደብ" በየተራ መጡባት። በርሚሉ ጮኾ አልጨረሰም፤ በብርድ ተኝቶ ነው ያደረው። ሊነቃ ሲያንሾካሽክ እሷ ጩኸቱ ያለፈ መስሏት ገለበጠችው፣ ስኳር ጨመረችለት፣ አፉን ጠረቀመችው፣ ፀሐይ ላይም ለአንድ ኹጥባ አቆየችው። ወደ ኩሽና ሮጠች። ወለሉ ላይ የቀረው ጄሪካን ጎኖቹ አብጠው ኳስ መስሏል፤ ቀጥ ብሎ መቆም አቅቶት ይወዛወዛል። ወደ ወንዶቹ አዳራሽ የሚወስደው መጋረጃ ዘንድ ስትደርስ ከወዲያ በኩል ክዳን ሲፈታ ሰማች።

ድምፁ የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ያለውን ይመስላል። ከዚያ የሚረጭ ነገር፣ ከዚያ የብርጭቆ መሰበር፣ ከዚያ "ሱብሃነላህ!" የሚል የብዙ ሰው ድምፅ።

"ሀጂ ታጥበዋል!" አለ አንድ ጎረምሳ። "ውዱእ ነበረዎት እኮ!"

አንዳንዱ ሳቀ። ሳቁ ብዙ አልቆየም፤ አንድ በአንድ ጠፋ። የእርሾው ሽታ በመጋረጃው ስር ወደ ሀፊዛ መጣ። ሞቅ ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ነው፤ ለማያውቅ ሰው ከውቤ ቤት ሽታ አይለይም።

"ሀይደር" አሉ ሀጂ አብዱልከሪም፣ ቀስ ብለው። "ይሄ ነገር ምንድነው?"

"ቀሪቦ ነው ሀጂ።"

"ቀሪቦ ስጠጣ ነው ያደግሁት። ጢሜ ላይ የሚፈነዳ ቀሪቦ አላየሁም። እዚህ ስንት ዓመታችን ነው? ምን እንደሚያመጣ ታውቃለህ። ደግሞ ከፖሊሱ በፊት አላህ አለ። የሚያሰክር በቀረበበት መጅሊስ ኒካህ አላስርም። መንሱር፣ ተነስ።"

የልብስ መንኮሻኮሽ ተሰማ። ሀፊዛ በመጋረጃው ጠርዝ አየች፤ መንሱር ከተቀመጠበት አልተነሳም። ግን ያለ አጎቱ ኒካሁን የሚያስርለት የለም። ከኋላዋ ኑራ የሂና እጇን ወደ ላይ አንስታ መጥታ ቆማለች፤ ማስነጠሷን አቁማለች።

"አያሰክርም ሀጂ" አለች ሀፊዛ ከመጋረጃው ወዲህ።

"ማነሽ አንቺ?"

"ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የኑራ አክስት ነኝ። ገና ነው፣ ሳይደርስ ነው የገለበጥኩት። ስኳሩ ስላልተበላ ነው የሚጮኸው። የሚያሰክረው ዝም ያለው ነው።"

"ቀምሰሽዋል?"

"ጾመኛ ነኝ።"

ሀጂ አብዱልከሪም ትንሽ አሰቡ። ከሐይቅ ብዙ በማይርቀው ቢስቲማ ተወልደው ሰላሳ ዓመት ሳዑዲ የኖሩ፣ የብዙ ሰው ጠብ የዳኙ ሰው ናቸው፤ ጥያቄ ማዘጋጀት ያውቃሉ።

"ጥሩ" አሉ። "የሚያሰክረው ዝም ማለቱን፣ አንቺ ሙስሊም ሴት፣ ከየት አወቅሽ?"

ሀፊዛ መልሱን ታውቀዋለች። አፏ ላይ ነው። መጋረጃውን በእጇ ያዘችና ዝም አለች፤ ስምንት ቀን ለምዳዋለች። ከወዲያ በኩል ጄሪካኑ ብቻ ሲፍለቀለቅ ይሰማል። አንድ ሰው የተሰበረውን ብርጭቆ ይለቅማል። ጣሪያው ላይ ያለው መኪፍ ጠብ ጠብ ይላል።

"ከእናታችን ነው" አለ ሀይደር።

"ከዘይነብ? ከሼሁ ልጅ?"

"ዘይነብ የምትባል እናት የለችንም ሀጂ። እናታችን ውቤ ነች። ሐይቅ ገበያ ጠላ ትሸጥ ነበር። በዚያ ነው ያደግነው። መቼ እንደሚያሰክርና መቼ እንደማያሰክር ከዚህች ከእህቴ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዚህ አገር የለም። ደግሞ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሌሊት መኪፍ ክፍል አስገብቼው አልነገርኳትም።"

ሀፊዛ መጋረጃውን አልለቀቀችም።

"ውቤ" አሉ ሀጂ አብዱልከሪም። "ከበርበሬ ተራ በላይ? በሯ ላይ ግራር ያለው?"

"እሷው።"

ሀጂ ጢማቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ከቀኝ ጀመሩ፣ በግራ ጨረሱ፣ መሐረቡን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

"ጠላዋ ዝም ያለ ነው ይባል ነበር" አሉ። ሰው ሁሉ እንዳያቸው ሲገነዘቡ "ይባል ነበር" ብለው ደገሙት።

ማን ይል እንደነበር የጠየቀ የለም። ሀጂ አንድ ያልተሰበረ ብርጭቆ አንስተው ለመንሱር ዘረጉለት። "ቅዳ። የሚጮህ ከሆነ ገና ነው።" ጠጡት። ሁለተኛ ቀድቶላቸው እሱንም ጠጡ። "ስኳር በዝቷል" አሉና ለኒካሁ ምስክሮቹን ጠሩ።

መግሪብ ላይ ሀፊዛ ኩሽናው ውስጥ እንደቆመች በአንድ ተምር አፈጠረች፤ ከዚያ አንድ ብርጭቆ ቀሪቦ ቀምሳ ፊቷን አኮማተረች። ሀይደር ባዶውን ጄሪካን ይዞ ገባ። ወገቡን ይዞ ከወለሉ ላይ አስቀመጠው።

"ገና ነበር" አለችው።

"ሽታውን ፈርቼ ነው።"

"አስራ ስምንት ላይ?"

"እኔ ሃያ አራት ላይ ነው ያደረግሁት። አስራ ስምንት ያደረገችው ኑራ ነች፣ ሞቀኝ ብላ።"

ሀፊዛ ብርጭቆዋን አጠበች። ሌላ ብርጭቆ አንስታ እሱንም አጠበች። ወንድሟ አልሄደም፤ የሆነ ነገር ይጠብቃል።

"በርሚሉ ውስጥ አተላ አለ" አለች። "ስኳርም አለው፣ ኩሽናውም ሞቃት ነው። ቤት ስትደርስ ልብስህን ሳትቀይር ጆሮህን ስጠው። የሚያንሾካሽክ ከሆነ ነገ መጥቼ አየዋለሁ። ዝም ብሎ ካገኘኸው ግን የእማዬ ሆኗል፤ ያን ጊዜ ብዙ ውኃ ልቀቅበትና ድፋው።"

ሀይደር ጄሪካኑን በእግሩ ትንሽ ገፋ አደረገው።

"ሳልቀምሰው?"

ሀፊዛ ሦስተኛውን ብርጭቆ ለማጠብ አነሳች፤ አትቅመስ ግን አላለችውም።